ለልጅ የማይጠነቀቅ ጤና ተቋም ፈቃድ አይታደስለት

በአገራችን ጤና ተቋም ያለ ፈቃድ አይከፈትም። ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ክፍሎቹን ያያል፣ የእጅ መታጠቢያውን ከፍቶ ይሞክራል፣ የመድኃኒት መደርደሪያውን ይፈትሻል፣ የባለሙያዎቹን ማስረጃ ይመለከታል። ቅጹ ይሞላል፣ ፈቃዱ ይሰጣል፣ ጊዜው ሲደርስ ይታደሳል። በዚያ ቅጽ ላይ የልጆች ደኅንነት ራሱን የቻለ፣ ካልተሟላም ፈቃድ የሚያስከለክል ርዕስ ሆኖ ይግባ። ጥያቄያችን ይህ ነው። ሪፈራል ሆስፒታልም ይሁን ጤና ጣቢያ ወይም ሰፈር ውስጥ ያለ የግል ክሊኒክ፣ ልጅ የሚታከምበት ቤት ሁሉ ልጅን ከጉዳት እንዴት እንደሚጠብቅ በጽሑፍ ያሳይ፤ ልጅ ሲጎዳበት ይናገር፤ ከደበቀ ይጠየቅ። ወላጆች፣ ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ የመድኃኒት ባለሙያዎች፣ በምክር ቤት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ ይህን ጥያቄ አብረን እናንሳው።

አሁን የምናነሳው ልጆቻችን ከምንጊዜውም በላይ በጤና ተቋም በር እየገቡ ስለሆነ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 5 ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። በ2008 ዓ.ም. 26 ደረሱ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት በእግራቸው ዞረው ያመጡት ድል ነው፤ ክብር ይገባቸዋል። ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱባት የነበረች አገር ከ1992 እስከ 2008 ዓ.ም. ባሉት 16 ዓመታት ቁጥሩን ወደ 67 አውርዳለች። በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን የቀነሱት በዚያ ፍጥነት አይደለም፤ ከ49 ወደ 29 ነው። የእነዚህ ጨቅላዎች ዕጣ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን በማዋለጃና በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የሚወሰን ሆኗል። እናትን «ቤት አትውለጂ፣ ወደ ጤና ተቋም ነይ» ብለን ያሳመንን ሁሉ፣ ስትመጣ ልጇን የሚቀበለው ክፍል ደኅና መሆኑን የማረጋገጥ ዕዳ አለብን።

ልጅ ትንሽ አዋቂ አይደለም። መድኃኒቱ በኪሎ ይሰላል። ጄንታማይሲን የተባለውን፣ በየጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ የሚሰጠውን መርፌ እንውሰድ። የተለመደው አምፑል ለአዋቂ የተሠራ ነው፤ በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም ይይዛል። 3 ኪሎ ለሚመዝን ጨቅላ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ሲታዘዝ የሚያስፈልገው 15 ሚሊ ግራም ነው። በሲሪንጅ ሲሳብ 0.375 ሚሊ ሊትር፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ብዙ ጨቅላ ለብቻዋ የምትጠብቅ ተረኛ ነርስ ይህን ስሌት በአእምሮዋ ትሠራለች። ሙሉው አምፑል ቢሰጥ ከልኩ አምስት እጥፍ በላይ ነው። መድኃኒቱ ሲበዛ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ጆሮን ሊያደነቁር ይችላል። ጨቅላው ጆሮዬን አመመኝ ብሎ አይናገርም። እናቱ ስትጠራው እንደማይዞር የምታስተውለው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ነገሩን ከዚያች ሌሊት ጋር የሚያያይዝ ሰው አይገኝም።

መከላከያው ይታወቃል። ልጁ እንደገባ ይመዘን፤ ኪሎው በካርዱ አናት ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ ኪሎ ያልተጻፈበት ትእዛዝ አይፈጸም። ስሌቱ በወረቀት ላይ ይሠራ፤ አደገኛ የሆኑትን መድኃኒቶች ሁለተኛ ሰው አይቶ ይፈርምባቸው። የልክ ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ከነጥቡ በፊት ዜሮ ያልተጻፈለት «.5» በችኮላ 5 ተብሎ ይነበባልና የአጻጻፉ ደንብ እንኳ ይወሰን። በቦስተን ከተማ በሁለት ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ ጉዳት ሊያደርሱ የሚችሉ የመድኃኒት ስህተቶች በሕፃናት ላይ ከአዋቂዎች በሦስት እጥፍ እንደሚበዙ አሳይቷል። እነዚያ ሆስፒታሎች ባለሙያም ገንዘብም የሞላላቸው ነበሩ። ባለሙያ በሚያንስበት ቦታ ደንቡ የበለጠ እንጂ ያነሰ አያስፈልግም።

ጥንቃቄው ከሆስፒታሉ ግቢም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ ቢያንስ ከ66 ሕፃናት ሞት ጋር የተያያዙ አራት የሳልና የጉንፋን ሽሮፖችን ዘርዝሮ ዓለምን አስጠነቀቀ። በሽሮፖቹ ውስጥ ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል የተባሉ፣ ኩላሊትን የሚያበላሹ መርዞች ተገኝተዋል። ጋምቢያ መድኃኒትን የምትመረምርበት ላቦራቶሪ አልነበራትም። እናቶቹ ያደረጉት ሁሉም እናት የምታደርገውን ነው፤ ልጃቸው ሲያተኩስ ሽሮፕ በማንኪያ ሰጡ። አፍሪካ ውስጥ፣ እኛው ዘመን ላይ፣ ልጆች ያለቁት በሽታው ስለበረታ ሳይሆን ቁጥጥሩ ስለጎደለ ነው። የእኛ አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለልጆች የሚገቡና የሚመረቱ ሽሮፖችን በልዩ ትኩረት እንዲመረምር፣ ውጤቱንም ለሕዝብ እንዲያሳውቅ መጠየቅ የዚህ ጥሪ አንዱ አካል ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልበል። ኦክሲጅን ሕይወት ያድናል፤ ያለ ልክ ሲሰጥ ግን ያለ ጊዜው የተወለደን ሕፃን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ መለኪያ የሌለው ኦክሲጅን ሙሉ ሕክምና ነው አይባልም። ሁለትና ሦስት ጨቅላዎች በአንድ ማሞቂያ ሲተኙ የአንዱ ተሐዋሲ ለሌላው ይተርፋል። በሕፃኑ እጅ ወይም እግር ላይ የእናቱ ስም ያለበት ማሰሪያ ከሌለ ልጅ ይቀየራል፣ ይሰረቃል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በአዋቂዎች ክፍል አልጋ ሲሰጠው ሌሊቱን የሚያየውና የሚሰማው ነገር ለሱ አይገባም። እነዚህ ሁሉ መፍትሔያቸው የታወቀ ጉዳዮች ናቸው፤ የጎደለው አስገዳጅነቱ ነው።

አሁን ለማውራት ወደምንፈራው ጉዳይ ልምጣ። በሆስፒታል ልጅ ልብሱን ያወልቃል፣ ይነካል፣ በማደንዘዣ ራሱን ይስታል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ያዘዘውን ሁሉ እንዲፈጽም ወላጁ ራሱ ይመክረዋል። አብዛኛው ባለሙያ ይህን እምነት በንጽሕና ይጠብቃል። ጥቂቱ ግን አይጠብቅም፤ እምነቱ የሚበዛበት ቦታ ደግሞ ክፉ ሰው የሚመርጠው ቦታ ነው። ይህን መናገር ሙያውን መስደብ አይደለም። የልጅ ገላ የሚመረመረው ወላጁ ወይም ሁለተኛ ባለሙያ ባለበት ይሁን፤ በሩ ከውስጥ አይቆለፍ። ወጣት ልጃገረድ አብሯት የሚቆመውን ሰው ራሷ ትምረጥ። ሐኪምና ነርስ ብቻ ሳይሆን ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ ተለማማጁና በጎ ፈቃደኛው፣ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሁሉ ከመቀጠሩ በፊት ማንነቱና የኋላ ታሪኩ ይጣራ። አንድ ሰው ከአንዱ ተቋም በዚህ ጥፋት ተባርሮ በሌላው ከተማ በንጹሕ ስም እንዳይቀጠር ተቋማቱ የሚጠያየቁበት መንገድ ይኑር። ልጅም ሆነ ወላጅ ቅሬታውን ከክፍሉ አለቃ ውጭ ለሆነ ሰው የሚያቀርብበት በር ይከፈት።

ልጁ ተጎድቶ ከቤቱ ሲመጣስ? የተቃጠለ፣ የተሰበረ፣ የተደፈረ ልጅ በድንገተኛ ክፍል ሲደርስ የተረኛው ባለሙያ ቀጣይ እርምጃ በግል ድፍረቱ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። ማንን እንደሚጠራ፣ ማስረጃውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ልጁን ለማን አሳልፎ እንደማይሰጥ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተከፈተው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናን፣ ፖሊስን፣ ዐቃቤ ሕግንና የሥነ ልቦና ድጋፍን አንድ ቦታ ሰብስቦ ተጎጂዋ መከራዋን በየቢሮው እየዞረች ከመድገም እንደምትድን አሳይቷል። መንገዱን እዚሁ ከተማችን ላይ ስላየነው፣ በገጠር ጤና ጣቢያ ያለው ነርስ ቢያንስ የሚደውልበት ቁጥርና የሚከተለው ደንብ ይሰጠው እንላለን።

ስለ ፎቶም አንድ ነገር ልጨምር። የታመሙ ልጆች ምስል በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲዞር በየቀኑ እናያለን። እርዳታ ለማሰባሰብ የቸገረውን ወላጅ የሚወቅስ ልብ የለኝም። ተቋም ግን ሌላ ነው፤ ራቁቱን የተኛን፣ ፊቱ የሚታይን ልጅ ለማስታወቂያ የሚለጥፍ ክሊኒክ የልጁን ነገ ነጥቆታል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ የሕክምና ምስጢር ግዴታም ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ያለ ፈቃድ በአልጋ ክፍል ካሜራ መክፈት በጤና ተቋማት መስፈርት ላይ በግልጽ ይከልከል።

መልካም ልብ ያላቸው ሰዎች መኖራቸው እንደማይበቃ ብሪስቶል አስተምራናለች። በዚያች የእንግሊዝ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። የማደንዘዣ ሐኪሙ ስቲቨን ቦልሲን እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ ሲጀምሩ ቀዶ ሕክምናዎቹ ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ እንደሚወስዱ አስተዋሉ። ቁጥር ሰበሰቡ፤ ለአለቆቻቸው ተናገሩ። ቀዶ ሕክምናው ለዓመታት ቀጠለ፤ እሳቸው በመጨረሻ አገር ለቀው አውስትራሊያ ሄዱ። በፕሮፌሰር ኢያን ኬኔዲ የተመራው አጣሪ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2001 ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት በተመሳሳይ ማዕከላት ከሚጠበቀው በላይ ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ከ30 እስከ 35 ሕፃናት እንደሞቱ ገለጠ። ወላጆች ይህን የሰሙት የልጆቻቸውን ትናንሽ ሣጥኖች ከቀበሩ ከዓመታት በኋላ ነው። ሪፖርቱን ሳነበው ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። አብዛኞቹ ሠራተኞች ለልጆቹ የሚቆረቆሩ፣ ቀን ከሌሊት የሚለፉ ሰዎች ነበሩ። የሕክምናው ጥራት የሚመዘንበት የተስማሙበት መለኪያ አልነበረም፤ የመከታተል ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በውል የሚያውቅ አልነበረም። ጉባኤው 198 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ።

ቦልሲን በተሰደዱበት በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የምክር ቤት አጣሪ ኮሚቴ በየተቋሙ በልጆች ላይ የደረሰውን ጥቃት አደባባይ አወጣ። በዚያው ዓመት በአገር ደረጃ የተቋቋመው «ሮያል ኮሚሽን» የተባለ አጣሪ ጉባኤ ለአምስት ዓመት ሠርቶ ከ8,000 በላይ ሰዎችን በዝግ ሰማ። አብያተ ክርስቲያናት፣ ትምህርት ቤቶች፣ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ተመረመሩ፤ ጤና ተቋማትም ከምርመራው አላመለጡም። ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የልጆች ደኅንነት መለኪያዎችን በሕግ አስገዳጅ አደረገች፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ደግሞ አሻሽላ 11 አደረገቻቸው። ሆስፒታል ሁሉ ይተዳደርባቸዋል፤ ያላከበረ በተቆጣጣሪ ይጠየቃል። በቪክቶሪያዋ ሜልበርን የሚኖር ወገናችን ከሕፃናት ጋር ለመሥራት ሲያመለክት ታሪኩ ተጣርቶ ማረጋገጫ ካርድ ይሰጠዋል፤ ማንም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። እናንተ በውጭ ሆስፒታሎች የምትሠሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶችና ሐኪሞች፣ በየቀኑ የምትፈርሙበትን ያን ደንብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ አስረዱን። ከምትልኩት የሕክምና ዕቃ እኩል ይጠቅመናል።

እኛም ከባዶ አንነሳም። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። የዚያ ኮንቬንሽን አንቀጽ 3 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥት ልጆችን የሚንከባከቡ ተቋማት ሁሉ በደኅንነት፣ በጤና፣ በሠራተኞች ብዛትና ብቃት፣ በቁጥጥርም ረገድ የወጣላቸውን መለኪያ ማሟላታቸውን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9 የተቀበልናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል እንደሆኑ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 36 ደግሞ ልጆችን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የልጆች ደኅንነት እንዲቀድም ያዛል። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር የጸደቀው በ1982 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። ቃሉን ሰጥተናል። ቃሉን ወደ ተቆጣጣሪው ቅጽ ማውረድ ነው የቀረን።

«አገሪቱ ደሃ ናት፤ መጀመሪያ አልጋና መድኃኒት ይሟላ» የሚሉን ይኖራሉ። ኪሎን በካርድ አናት መጻፍ ምን ያህል በጀት ይጠይቃል? ሁለተኛ ፊርማስ? በምርመራ ጊዜ እናቲቱን «ነይ፣ አጠገቡ ቁሚ» ማለትስ? ከጠየቅነው ውስጥ ብዙው የሚገዛ ዕቃ አይደለም። የሚገዛውን ደግሞ አልሸሽግም፤ የሕፃን ሚዛን፣ የኦክሲጅን መለኪያ፣ በተለይም በቂ ነርስ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ መንግሥት ይክፈል። «በሥራ የተጨነቀውን ባለሙያ በቅጣት ልታስጨንቁት ነው» የሚለው ቅሬታ ይበልጥ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ባለሙያው በእርግጥ ተጨንቋል። ለዚያች የሌሊት ተረኛ ነርስ የምለው ይህን ነው፤ መስፈርቱ ከጎንሽ የሚቆም ነው። አንዲት ነርስ ስንት ጨቅላ መጠበቅ እንደምትችል በሕግ ሲወሰን «ከዚህ በላይ አልችልም» የሚለው ቃልሽ ስንፍና ተብሎ አይታለፍም። ስህተትን በቅንነት የዘገበ እንዳይቀጣ፣ የደበቀ ግን እንዲጠየቅ በመስፈርቱ ውስጥ ይጻፍ። ስህተት የዘገበ ባለሙያ ከተባረረ ቀጣዩ ባለሙያ አይዘግብም፤ ቀጣዩ ልጅም ይጎዳል።

ወላጆች፣ ሥራው ከእኛ ይጀምራል። ዝም የምንለው ክፋት አስበን አይደለም፤ ብዙ የጠየቀ ሰው ልጁ ቸል ይባልበታል ብለን ስለምንፈራ ነው። ፍርሃቱን የሚሰብረው ብዛታችን ነው። «ሲስተር፣ ልጄን መዘናችኋት? ስንት ኪሎ ሆነች?» «ዶክተር፣ ይህ መርፌ ለምኗ ነው? ልኩስ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ሳይሆን ወግ ይሁን። አንዲት እናት ስትጠይቅ ነገረኛ ትባል ይሆናል፤ የክፍሉ አስታማሚዎች ሁሉ ሲጠይቁ ግን መመዘን የክፍሉ ልማድ ይሆናል። የመድኃኒት መለኪያውን ከመድኃኒት ቤቱ ጠይቁ፤ የቤት ማንኪያ እንደየቤቱ ይለያያል።

ነርሶች፣ ሚድዋይፎች፣ የሕፃናት ሐኪሞች፣ የሙያ ማኅበሮቻችሁ ጠረጴዛ ላይ ይህን አጀንዳ አስቀምጡ። ከእናንተ የተሻለ መስፈርት የሚጽፍ የለም፤ እናንተ ሳትጽፉት የወጣ መስፈርትም ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ አዋጅ አትጠብቁ። የጠቀስነውን ግማሹን በሚቀጥለው ሰኞ በውስጥ መመሪያ ልትጀምሩት ትችላላችሁ። የግል ክሊኒክ ባለቤቶች፣ በራችሁ ላይ ከምትለጥፉት ዋጋ ጎን የልጆች ደኅንነት ኃላፊያችሁን ስልክ ለጥፉ። ጋዜጠኞች፣ አንድ ልጅ ሲሞት እየሮጣችሁ ትመጣላችሁ፤ ከዚያም በኋላ ምን ተስተካከለ ብላችሁ ተመለሱ። የምክር ቤት አባላት፣ ለመረጣችሁ ሕዝብ ልጆች አንድ ጥያቄ አንሱ፦ ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች የልጆች ደኅንነት መስፈርትን መቼ ያወጣሉ? ማንስ ይቆጣጠረዋል?

ለዚህ የሚመች ቀን አለን። ዓለም በየዓመቱ እ.ኤ.አ. መስከረም 17፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 7፣ የታካሚዎች ደኅንነት ቀንን ያከብራል። በ2018 ዓ.ም. ቀኑ የተከበረው ለጨቅላ ሕፃናትና ለልጆች አስተማማኝ ሕክምና በሚል ጉዳይ ላይ ነበር። ባነርና ብርቱካናማ ቲሸርት አይበቃንም። ከሚመጣው መስከረም 7 ጀምሮ እያንዳንዱ ሆስፒታል በዓመቱ ውስጥ በልጆች ላይ የደረሱ ጉዳቶችን ብዛት፣ ምክንያታቸውንና የወሰደውን እርምጃ፣ የማንንም ታካሚ ስም ሳይጠቅስ፣ በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያውጣ። እስከዚያው እያንዳንዳችን ልጃችንን ለምናሳክምበት ተቋም ኃላፊ በስማችን ፈርመን አንድ ደብዳቤ እናስገባ፤ ግልባጩን ለከተማው ወይም ለክልሉ ጤና ተቆጣጣሪ እንላክ፤ ማኅተም የተመታበትን ቅጂያችንን እንያዝ። ደብዳቤው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የልጆች ደኅንነት ደንባችሁ የታለ? ኃላፊው ማን ነው? ቅሬታችንን ለማን እናቅርብ? መልስ ካልመጣ በወሩ እንደገና እናስገባ፤ በዚያኛው ጊዜ ግን ከጎረቤቶቻችን፣ ከዕድራችንና ከልጆቻችን ትምህርት ቤት ወላጆች ጋር አብረን እንሂድ።